«ገባሽ?»፦ በአንድ ሾጣጣ ገንዳ ዙሪያ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ብዙ ተጽፏል። ሒሳቡን ስለ መርዳት የተጻፈው ግን በብዛት የሚገኘው መብራት እንጨት ላይ ነው፦ «ቤት ለቤት እናስጠናለን፤ ከኬጂ እስከ 12»። ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ እንደ ጋቢ ዘርፍ ተተልትሎ ይንጠለጠላል። ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ይፈሳል፤ ያም ሆኖ ሁለት ሦስቱ ቁራጭ ሁልጊዜ ተገንጥሎ ተወስዷል። ይህ ጥናት የተነሣው «እነዚያን ቁራጮች የገነጠሉ ሰዎች ኋላ ምን ሆኑ?» ከሚል ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ የቃላት ብያኔ። በአማርኛ «አጥኚ» ማለት ተመራማሪ ነው፤ ለፈተና የሚያነብ ተማሪም አጥኚ ነው። «አስጠኚ» ተከፍሎት የሚያስጠና ሰው ነው። «ተጠኚ» ደግሞ የሚጠናው አካል። በዚህ ሥራ አጥኚው እኔ ነኝ፤ ተጠኚዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ እሷም በበኩሏ አጥኚ ናት፤ አስጠኚ ደግሞ አላት። አንባቢ ቢምታታበት ቅሬታውን ለቋንቋው ያቅርብ። የናሙናው ብዛት አንድ ነው። ናሙናዋ የተመረጠችው አብራን ስለምትኖርና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነች ሲሆን፣ መረጃው የተሰበሰበው ሳሎን ተቀምጦ ዜና የሚያይ በመምሰል ነው።

ጥናቱ አንድን ጥያቄ ብቻ ከሰው ወደ ሰው ተከትሏል። ጥያቄው ይኸውላችሁ። ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሾጣጣ የውሃ ገንዳ አለ፤ ከፍታው 6 ሜትር፣ የአፉ ራዲየስ 3 ሜትር። ውሃ በደቂቃ 2 ሜትር ኩብ ይገባበታል። የውሃው ጥልቀት 4 ሜትር በደረሰባት ቅጽበት፣ ከፍታው የሚጨምረው በምን ፍጥነት ነው? ተማሪዎቹ ይህን ዓይነቱን «ሪሌትድ ሬት» ይሉታል፤ ካልኩለስ ውስጥ ዲሪቬቲቭ ካለቀ በኋላ፣ ተማሪው «አሁንስ ተገላገልኩ» ባለበት ሰዓት ይመጣል።

ተጠኚዋ ጥያቄውን ጮክ ብላ ስታነብ እህቴ ከጓዳ ሰማች።

«የት ሰፈር ነው?» አለች።

ይህ ከጥናቱ ወሰን ውጪ ቢሆንም መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይገባዋል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት። በደቂቃ 2 ሜትር ኩብ ማለት 2,000 ሊትር ነው። ግቢያችን ያለው ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በአንዲት ደቂቃ ጢም ይላል ማለት ነው። «በጄሪካን መቶ!» አለች እህቴ፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም። በሒሳብ የምትታማ ሴት ናት፤ በጄሪካን ሲሆን ግን አትሳሳትም። ገንዳው ራሱ 56 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ይይዛል፤ በ28 ደቂቃ ይሞላል። ይህን ስነግራት «እና እንዲህ ያለ ገንዳ ያለው ሰው ቆሞ ፍጥነቱን ይለካል?» አለችኝ። ጥያቄዋ እስካሁን ምላሽ አላገኘም።

አሁን መፍትሔው። ሒሳብ የማይወድ አንባቢ ይህን አንቀጽ መዝለል ይችላል፤ ኋላ የምናገኛቸው ረዳቶችም የዘለሉት ይህንኑ ነው። የሾጣጣ ይዘት አንድ ሦስተኛ ሲባዛ በፓይ፣ በራዲየሱ ካሬና በከፍታው ነው። ችግሩ ውሃው ሲጨምር ከፍታውም ራዲየሱም አብረው ማደጋቸው ነው፤ ሁለት የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ባሉበት ዲፈረንሼት ማድረግ ሁለት በግ በአንድ እጅ እንደ መያዝ ነው። ስለዚህ አንዱን ማሰናበት ያስፈልጋል። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ምንጊዜም ትንሽ ሾጣጣ ነው፤ መልኩ የትልቁ መልክ ነው። ትልቁ ላይ ራዲየሱ የከፍታው ግማሽ ከሆነ፣ ትንሹም ላይ ግማሽ ነው። ውሃው 4 ሜትር ሲደርስ የፊቱ ራዲየስ 2 ሜትር ነው ማለት ነው፤ 3 አይደለም። ራዲየሱን በከፍታው ግማሽ ከተኩት በኋላ የቀረው ሜዳ ነው፤ መልሱ 1 ሲካፈል ለ2ፓይ ሜትር በደቂቃ፣ ወደ 16 ሳንቲም ሜትር ይሆናል። ይህቺ «ግማሽ» የጥናቱ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። እሷን ሳያገኝ ራዲየሱን 3 ብሎ ከጅምሩ ያስገባ ተማሪ 2 ሲካፈል ለ3ፓይ ያገኛል፤ ወደ 21 ሳንቲም። ጥያቄ አውጪው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ 2 ሲካፈል ለ3ፓይ ከምርጫዎቹ «ኤ» ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች፤ ትክክለኛው መልስ «ቢ» ላይ ነው። ተጠኚዋ ጥናቱ ሲጀመር የነበረችው «ኤ» ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ረዳት ራሴ ነኝ። ይህ በምርምር ዓለም ተሳታፊ ምልከታ ይባላል። በዘመኔ ማትሪክ ሒሳብ «ኤ» ያመጣሁ ሰው መሆኔ በቤተሰቡ ውስጥ በየበዓሉ ይነገራል፤ ምስክሮቹ እያነሱ ስለሄዱ ታሪኩ እየጠነከረ ነው። መነጽሬን አደረግኩ፤ መጽሐፉን ተቀበልኩ፤ «ይሄማ ቀላል ነው» አልኩ። ልብ በሉ፤ ይህ ዐረፍተ ነገር የተነገረው ጥያቄው ከመነበቡ በፊት ነው። በኋላ እንደታየው ሌሎቹም ረዳቶች ሁሉ ያሉት እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ እንደ «በስመ አብ» ያለ ነገር ነው፣ ከሥራ በፊት ይባላል።

ከዚያ ሾጣጣ ምን እንደሆነ አስረዳሁ። ስለ አይስክሬም መያዣ ተናገርኩ። የይዘቱን ፎርሙላ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

«ጋሼ፣ እሱን አውቀዋለሁ» አለች በትሕትና። «እዚህ ጋ ነው የያዘኝ። ራዲየሱ።»

«እሱ ጋ እየመጣሁ ነው» አልኩ። እየመጣሁ አልነበረም። በዚህ መሐል ስልክ ተደወለልኝና ወደ በረንዳ ወጣሁ። ስልኩ አለመጥራቱን ተጠኚዋም አጥኚውም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም አላነሡትም።

ሁለተኛው ረዳት የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሲቪል ምሕንድስና አራተኛ ዓመት፣ ለእረፍት የመጣ። ችሎታውን አልክድም፤ ጥያቄውን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሠርቶ «ቢ» ላይ ደርሷል። ሆኖም የሠራው ለራሱ ነው። ጽሕፈቱ ከግራ ወደ ቀኝ ተጉዞ ወረቀቱ ሲያልቅበት በጠርዙ በኩል ወደ ላይ ወጣ፤ መልሱ ከገጹ ቁጥር አጠገብ አረፈ። መሐል ላይ ሲደርስ «ራዲየሱን እዚህ ታስገቢያለሽ፣ ግልጽ ነው» ብሎ በእስክሪብቶው ክዳን አየሩን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገ። የተቀረውን ጊዜ ካምፓስ ያለው ካልኩለስ ከዚህ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማስረዳት አዋለው።

«ገባሽ?»

«አዎ፤ አመሰግናለሁ።»

ጥናቱ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ስለ «ገባሽ?» ጥቂት ማለት ይኖርበታል። ቃሉ በቅርጹ ጥያቄ ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፅ ከፍ ይላል። በአገልግሎቱ ግን ስንብት ነው። የቅርብ ዘመዱ «እንዴት ነሽ?» የሚለው ነው። ሰውነቷ በትኩሳት የሚነድ ሴት መንገድ ላይ «እንዴት ነሽ?» ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ሕመሟን የምታወጣው ቢያንስ በሦስተኛው ዙር፣ ልጆቹ፣ ከብቱና ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። «ገባሽ?» ግን ሦስተኛ ዙር የለውም። አንዴ ተጠይቆ «አዎ» ከተባለ ረዳቱ ጫማውን ይፈልጋል።

«አልገባኝም» ማለት ሰውየው የደከመበትን አፈር ማልበስ ነው፤ በዚያ ላይ ሻዩን ገና አልጠጣም። በሌላው ወገን ረዳቱም «አላውቅም» ማለት አይችልም፤ ስለተጠየቀ ያውቃል ማለት ነውና። እነዚህ ሁለት ቃላት ከአንድ ክፍል ከተባረሩ ሒሳቡ የሚያልፍበት በር የለም። በጥናቱ ወቅት «አላውቅም» በሚለው ፋንታ የተባሉትን ጽፌ ይዣለሁ፦ «በእኛ ጊዜ ይሄ አልነበረም»፤ «ካሪኩለሙ ተቀይሯል»፤ «ጥያቄው ራሱ ስሕተት አለው»፤ «ነገ ጠዋት አእምሮ ሲያርፍ እናየዋለን»፤ «እስቲ አንቺ መጀመሪያ ሞክሪው»። የመጨረሻው ተጠኚዋ አራት ጊዜ ሞክራ ከመጣች በኋላ የተባለ ነው። «ካሪኩለሙ ተቀይሯል» ያልኩት እኔ ነኝ።

በሀገራችን የ«ገባችሁ?» ታሪክ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ነው። ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ። መምህሯ ከቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ ጥያቄ ታቀርባለች፣ ጥቂት ሰከንድ ፈገግ ብላ ዝም ትላለች፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ትላለች። ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው አልተናገረም፤ ብዙዎቹ ገና ርዕሱን እየገለበጡ ነው። የፕላዝማው ትውልድ ይህን ዛሬም እየሳቀ ያወራል። ከእርዳታ ጥናት አንጻር ግን ትልቅ ግኝት ነው፦ ተረጂው «አዎ» እስኪል መጠበቅ እንደማያስፈልግ ያሳየ የመጀመሪያው ዘዴ ይህ ነው። መብራት ሲጠፋ መምህሯም ትጠፋለች፤ መብራት ሲመጣ ምዕራፉ አልፏል።

ገንዘብ ከፍሎ ሒሳብ ስለመጠየቅ ደግሞ ጥንታዊነቱን ማስታወስ ይበጃል። ማርኪ ደ ሎፒታል የተባለ ፈረንሳዊ ባላባት፣ እ.ኤ.አ. በ1694 ለቀድሞ አስጠኚው ለስዊዘርላንዳዊው ዮሐን በርኑሊ ደብዳቤ ጻፈለት። በዓመት 300 ሊቭር እከፍልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ የምጠይቅህን መልስልኝ፣ አዲስ ያገኘኸውን ንገረኝ፣ ለሌላ ሰው ግን አትስጥ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። በ1696 ማርኪው የዲፈረንሻል ካልኩለስን የመጀመሪያ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ውስጥ ዜሮ ለዜሮ ሲመጣ ከላይም ከታችም ዲሪቬቲቭ መውሰድን የሚፈቅደው ሕግ አለ፤ ስሙም የሎፒታል ሕግ ሆኖ ቀረ። ሕጉ የበርኑሊ ነበር። በርኑሊ ማርኪው ከሞተ በኋላ አቤት ቢልም በወጉ የሰማው የለም፤ የደብዳቤዎቹ ስብስብ ታትሞ ነገሩ የለየለት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሊሚት የሚያስጠና ማንኛውም አስጠኚ «ሎፒታል ጣይበት» ሲል፣ የሙያ ባልደረባውን ሥራ በደንበኛው ስም እየጠራ ነው። ይህን ለተጠኚዋ አስጠኚ ነግሬው ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ስንት ነበር ያልከው፣ በዓመት?» አለኝ።

አስጠኚውን ያመጣችው እህቴ ናት፤ ያመጣችውም በቁጥር ተደናግጣ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑት፣ ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከእነዚህ ቁጥሮች በፊት እርዳታ ማለት ጥያቄ ሲያቅት የሚፈለግ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ ጤፍ አስቀድሞ የሚገዛ ሆኗል። ከቁጥሮቹ በፊት የነበረውን ሌላ ዓይነት እርዳታም ታሪክ ሲባል መጥቀስ አይቀርም፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዟል። በጥናታችን መስፈርት ያኛው እርዳታ ከሁሉ የላቀ ግልጽነት ነበረው፤ ፊደል ብቻ ስለሆነ የሚዘለል ደረጃ አልነበረውም።

የእኛ አስጠኚ ጨዋ ሰው ነው። ቀን ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ማታ ከቤት ቤት ይዞራል፤ እኛ ቤት ሲደርስ አራተኛ ቤቱ ነው። ጠመኔ ኮቱ እጅጌ ላይ አለ። እህቴ «መምህር» እያለች ዳቦና ሻይ ታቀርብለታለች፤ ደክሞት እንደመጣ ስለሚታያት ሁለተኛ ብርጭቆ ትጨምርለታለች፤ እሱም ስለ ይሉኝታ ይጠጣል። ገንዳው ላይ ሲደርሱ ከሁሉም የተሻለ ነገር የተናገረው እሱ ነው።

«ፈተና ላይ ይሄን ሁሉ አትሠሪም» አለ። «ሾርትካት አለው። የሚገባውን ውሃ ለውሃው ፊት ስፋት አካፍዪ፤ አለቀ።»

ከሶፋዬ ላይ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። እውነቱን ነው! ከላይ ያለው ውሃ እንደ ስስ እንጀራ ተነጥፎ ይጨመራል፤ የእንጀራው ውፍረት የገባው ውሃ ሲካፈል ለምጣዱ ስፋት ነው። ውብ ነገር ነው፤ ዲሪቬቲቩ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። የቀረው የምጣዱን ራዲየስ ማወቅ ብቻ ነበር።

«ራዲየሱ እንግዲህ ግልጽ ነው» አለ መምህር፣ ሰዓቱን አይቶ። አምስተኛ ቤት ይጠብቀዋል። «ገባሽ?»

«አዎ፣ መምህር።»

ተጠኚዋ ራዲየሱን 3 ብላ አካፈለችው፤ 2 ሲካፈል ለ9ፓይ አገኘች፤ 7 ሳንቲም ገደማ። ይህ «ሲ» ነው። «ሲ» ትክክል የሚሆነው ገንዳው እንደ ግቢያችን ሮቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ቢሆን ነበር። ያቺ ምሽት ለጥናቱ ከፍተኛ ፋይዳ አላት፦ እርዳታው ከመጀመሩ በፊት ልጅቷ አንድ የተሳሳተ መልስ ነበራት፤ አሁን ሁለት ሆኑላት፤ እየመረጠች መሳሳት ትችላለች።

ቅዳሜ ስድስት ሆነው በግሩፕ አጠኑ። በአንድ ወቅት ይህ አደረጃጀት «አንድ ለአምስት» ይባልና በየትምህርት ቤቱ ይመዘገብ ነበር፤ አንዱ ጎበዝ አምስቱን ይጎትታል በሚል። መዝገቡ ቀረ እንጂ ጉተታው አልቀረም። ጎበዙ ልጅ «ኤ» ነው አለ። ሁለተኛው «እኔም ኤ ነው ያገኘሁት» አለ፤ ወረቀቱ ባዶ ነበር። በድምፅ ብልጫ፣ ስድስት ለዜሮ፣ «ኤ» ጸደቀ። የእኛዋ «ሲ» ይዛ ሄዳ ነበር፤ ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት «ሁሉም ከተስማሙ በኋላ ደስ አይልም» አለችኝ። ጥቅሱን እንዳለ ወስጄዋለሁ።

አጋዥ መጽሐፉን በአጭሩ ልለፈው። «አጋዥ» የተባለበትን ምክንያት መርምሬ አላገኘሁትም። ኋላው ላይ ባለው የመልስ ገጽ ከጥያቄው ቁጥር ትይዩ «ቢ» የሚል ፊደል ብቻ ተቀምጧል። ትክክል ነው። ነገር ግን ተጠኚዋ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ሁለት ስሕተት አግኝታ ስለነበር፣ ይህንንም ሦስተኛ ስሕተት አድርጋ በእርሳስ ከበበችው።

በመጨረሻ ስልኳን አወጣች። ጥያቄውን ፎቶ አነሣች፤ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አውራ ጣቷ ገንዳውን ሸፍኖታል፤ ሁለተኛው ደኅና ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር መፍትሔውን በስምንት ደረጃ ዘረገፈላት። ደረጃ ሦስት ላይ «ከተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች እንደምንረዳው ራዲየሱ የከፍታው ግማሽ ነው» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ደረጃው አለ! በዚህ ጥናት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተዘለለም። ልጅቷ ግን «እንደምንረዳው» የሚለው ላይ ደርሳ ቆመች፤ እሷ ገና አልተረዳችውምና። የትኞቹ ሦስት ማዕዘኖች? ገንዳው ክብ አይደለም እንዴ? ማሽኑ ሌላ የሚረዳት ነገር ካለ ጠየቃት። አንገቴን አስግጌ አየሁ። «አይ፣ በጣም አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈችለት።

«ምነው፣ አልገባኝም አትዪውም?» አልኳት።

«ስንት ነገር ጻፈልኝኮ፣ ጋሼ።»

ማክሰኞ ማታ ከታክሲ ስወርድ፣ መታጠፊያው ላይ ከምትቀመጠው ሴትዮ ኦቾሎኒ ገዛሁ። እንደሚታወቀው ኦቾሎኒ የሚሸጠው ከአሮጌ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው፤ ሴትዮዋ ቅጠሉን በአውራ ጣቷ ዙሪያ አንዴ ታዞረውና ጫፉን ቆልመም ታደርገዋለች። የዚያን ዕለቱ ወረቀት የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሒሳብ ደብተር ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ገብቶበታል። ለተጠኚዋ ሰጠኋት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሻማው አጠገብ ተቀምጣ እያጠናች ትበላ ጀመር።

ግማሽ ያህል እንደበላች ወረቀቱን ወደ ሻማው አስጠግታ ወደ ውስጥ አየች። አንድ ኦቾሎኒ አነሣች፤ አልበላችውም፤ መልሳ ጣለችው። ከዚያ እስክሪብቶ ወስዳ የቀረው ኦቾሎኒ የደረሰበት ቦታ ላይ በውጭ በኩል ምልክት አደረገች። ማስመሪያ አመጣች። የአፉን ስፋት ለካች። ምልክቱ ያለበትንም ለካች።

«ብዪው እንጂ፣ ምን ትለኪዋለሽ» አለች እናቷ።

ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እ!» አለች፤ እኛ ሀገር ሰው ነገር ሲገባው ወይም በር ላይ እንግዳ ሲያይ የሚያሰማትን። ከዚያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጥፍሯ ቀደደችው፤ ኦቾሎኒው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። በደብተሯ ላይ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሣለች። በአራት መስመር «ቢ» ላይ ደረሰች። አጋዥ መጽሐፉን ገልጣም በእርሳስ የከበበችውን ክብ በላጲስ አጠፋች። ሴትዮዋ በዚህ ጥናት ምስጋና ሊቀርብላት ይገባ ነበር፤ ኦቾሎኒውን ስትሰጠኝ ግን የጠየቀችኝ «ዝርዝር አለህ?» ብቻ ነው።

የመስክ ሥራው በዚህ ተጠናቅቆ ነበር። ይሁን እንጂ ሐሙስ ማታ ያልታሰበ ተጨማሪ መረጃ ተገኘ። የክፍል ጓደኛዋ ደወለች፤ ከግሩፑ ስድስት አንዷ። ተጠኚዋ እጇ ሊጥ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጓደኛዋ ስለ ገንዳው ጠየቀቻት።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለች ተጠኚዋ።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስኩ። ሾጣጣ ምን እንደሆነ አስረዳች። የይዘቱን ፎርሙላ ሁለት ጊዜ አለችው። ጓደኛዋ «እሱን አውቀዋለሁ፣ ራዲየሱ ጋ ነው» ስትል «እሱ ጋ እየመጣሁ ነው» አለቻት።

«ከዚያ ራዲየሱን እዚህ ታስገቢያለሽ» አለች፤ በሊጥ እጇም አየሩን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገች። «ግልጽ ነው። የቀረው ዲፈረንሼት ማድረግ ነው። ገባሽ?»

ከስፒከሩ ጥቂት ዝምታ መጣ።

«አዎ፣ ገባኝ። በጣም አመሰግናለሁ፣ የኔ ቆንጆ።»

ዓርብ ጠዋት ጓደኛዋ የሠራችውን ፎቶ አንሥታ ላከችላት። ጽሕፈቷ ያምራል። መልሱ ላይ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፦ «ኤ»።